ሰማንያ ሜትር

ሂሳብ አስተማሪ ከመሆኔ በፊት ሯጭ ነበርኩ፤ ጥሩ ሯጭ፣ ግን ሁለተኛ። ሁለተኛ መሆን ደግሞ አይዋጥልኝም። አጋሮ ዘጠነኛ ክፍል ሳለን አንደኛዋ አጠገቤ የምትቀመጠው ጓደኛዬ ነበረች። በሺህ አምስት መቶ ሜትር ሁልጊዜ ሃያ ሜትር ያህል ትቀድመኛለች። በዚያ ዓመት ጅማ ላይ ለሚደረገው የትምህርት ቤቶች ውድድር ርቀቱ ሦስት ሺህ ሜትር ሆነ፤ ከየትምህርት ቤቱ የምትሄደውም አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። የስፖርት አስተማሪያችን ሳያመነታ የእሷን ስም ጻፈ።

እኔ ዝም ብዬ የምቀመጥ ሰው አይደለሁም። አስተማሪው በስልኩ የያዘልንን ሰዓት ለምኜ ወሰድኩና ስኩዌር ወረቀት ላይ ሁለት መስመር አሰመርኩ፤ ደቂቃው ወደ ጎን፣ ርቀቱ ወደ ላይ። እሷ ገና ስትነሳ ትፈተለክና ሰማንያ ሜትር ትወስድብኛለች፤ ከዚያ በደቂቃ ሁለት መቶ አርባ ሜትር ትሮጣለች። እኔ ሁለት መቶ ሃምሳ። በየደቂቃው አሥር አሥር ሜትር ከቀነስኩባት ሰማንያው በስምንት ደቂቃ ያልቃል። መስመሮቹ ሁለት ሺህ ሜትር ላይ ይገናኛሉ፤ ከዚያ ወዲያ የእኔ ከላይ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ብዬ በልቤ ሳቅሁ።

ወረቀቱን መጀመሪያ ያሳየሁት ለእሷው ነበር። ጉራም ነበረበት፤ ግን ፈተናም ደርሶ ነበር፣ እሷ ደግሞ ግራፍ የሚባል ነገር አይገባትም።

«ይቺ ሰማንያ ምንድን ናት?»

«ስትነሺ የምትፈተለኪባት ናት። መስመርሽን ከፍ አድርጋ ታስጀምርልሻለች፤ በኋላ የምታደክምሽም እሷው ናት።»

«ማሎ፣ እስቲ እንደገና» ብላ ለመነችኝ። ሦስት ጊዜ አስረዳኋት። ሲገባት ፊቷ በራ፤ እኔም ከልቤ ደስ አለኝ።

በማግስቱ ወረቀቱን ለአስተማሪው ሰጠሁ። «ቲቸር፣ ይዩት» አልኩ። አየውና «ወረቀት አይሮጥም» አለኝ። «ከሰዓት በኋላ ሦስት ሺሁን ሩጡልኝ። ያሸነፈችው ትሄዳለች።»

የሜዳችን ዙር ሦስት መቶ ሜትር ስለሆነ አሥር ዙር መሮጥ ነበረብን። ፊሽካው ሲነፋ እንደ ልማዷ ትፈተለካለች ብዬ ጠበቅሁ። አልተፈተለከችም፤ ከኋላዬ ሆነች። ዘጠኝ ዙር ሙሉ ትንፋሿን ማጅራቴ ላይ እየሰማሁ ሮጥኩ። ደክሟታል አልኩ። ከአጥሩ ማዶ የተሰጣ ቡና የሚያገላብጡት ሴቶች «ጃባዱ፣ በርቺ» ሲሉኝ ጭራሽ ኮራሁ።

የመጨረሻው ዙር ላይ አለፈችኝ። ድሮ መነሻው ላይ የምታፈሰውን ጉልበት ሁሉ እዚያ አወጣችው። እኔ ልክ በአሥራ ሁለት ደቂቃ ገባሁ፤ ወረቀቴ ያለው ይህንኑ ነበር። እሷ ግን ቀድማኝ ገብታ ቆማለች።

ሣሩ ላይ ተዘርሬ አለቀስኩ፤ ከንዴት ነው። ጅማ መሄድ በጣም ፈልጌ ነበር። መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ሰማንያዋን ለመጨረሻ አቆየኋት» አለችኝ። «የምታደክምሽ እሷ ናት ብለሽኝ የለ?»

የምታሾፍብኝ መስሎኝ ቀና ብዬ አየኋት። እያሾፈች አልነበረም። ደብተሯን ለእርማት ስትሰጠኝ የምታሳየኝ ያ የፈራ ፊቷ ነበር።

«አቦ፣ ልክ ነው ያሰላሁት?»

እንባዬን በእጄ ጠረግሁ።

«ልክ ነው» አልኳት። ልክ ነበራ።