በቃለ ጉባኤው ያልሰፈረ እጅ

የልጅ ልጄ ሕሊና ነርስ ናት። ባለፈው ሳምንት ሠላሳ ገጽ የሚሆን ረቂቅ መመሪያ አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረች። ነርሶች ምን እንዲሠሩ እንደሚፈቀድላቸውና ከምን እንደሚከለከሉ የሚደነግግ ነው። «አባባ፣ አማርኛውን ብቻ ይዩልኝ፤ ሐሳቡን እኛ እንጨርሰዋለን» አለችኝ።

አማርኛ ማረም ለእኔ ዕረፍት ነው። ያለ ሥራቸው የገቡ ቃላትን እየሰረዝሁ፣ ባለቤት የጠፋባቸውን ዓረፍተ ነገሮች እያቃናሁ እስከ ዐሥራ አራተኛው ገጽ በሰላም ሄድሁ። እዚያ ላይ «ሐኪም በአቅራቢያ በማይገኝበትና የታካሚው ሕይወት ለአደጋ በተጋለጠ ጊዜ» ብሎ የሚጀምር አንቀጽ ገጠመኝ። ብዕሩን አስቀመጥሁ። ተነሥቼ በረንዳው ላይ ተመላለስሁ፤ ገብቼ ተቀመጥሁ፤ ደግሞ ተነሣሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ከዚያች ገጽ ማለፍ አልሆነልኝም።

በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ አካባቢ የሕግ ተማሪ ነበርሁ። ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ጠቅላይ ግዛት ወርዶ ማገልገል ነበረበት፤ የእኔ ዕጣ ደብረ ማርቆስ ሆነ። ጓደኞቼ አስተማሪ ሲሆኑ እኔ የሕክምና ሥራን በሚቆጣጠር አንድ መሥሪያ ቤት ተመደብሁ። ሥራዬ ደብዳቤ ማርቀቅ፣ ቃለ ጉባኤ መያዝና ከበላይ የሚወርዱ ደንቦችን ማስረዳት ነበር። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። የአገሪቱ ችግር ሁሉ በደንብ የተጻፈ ሕግ ማጣት ይመስለኝ ነበር።

ሐምሌ ሲገባ አንድ አዲስ መመሪያ ወረደ። ድሬሰር የሚባለው የሕክምና ረዳትና ነርስ ያለ ሐኪም ትእዛዝ እጃቸውን ሊያነሡ የማይገባባቸውን ሥራዎች በተራ ይዘረዝራል። ዓላማው ክፉ አልነበረም። መርፌ በኪሱ የያዘ ሁሉ በየገበያው ሐኪም ነኝ በሚልበት አገር ሕግ ያስፈልግ ነበር፤ ይህን ዛሬም አልክድም። አለቃዬ መመሪያውን በየክሊኒኩ እየዞርሁ እንዳነብ፣ የሚመለከተውንም ሠራተኛ እንዳስፈርም አዘዘኝ።

ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልዬ በበቅሎ ወጣሁ። የጮቄ ተራራ በሐምሌ ሰው አይወድም። ጉሙ መሬት ላይ ተኝቶ ይውላል፤ ዝናቡ ጋብ ያለ ሲመስል በረዶ ይከተለዋል፤ በቅሎዋ ጭቃውን በአፍንጫዋ እያሸተተች ነበር የምትረግጠው። ሮብ ገበያ በምትባል ከተማ አንድ ሌሊት አደርሁ። በማግሥቱ ከዚያ በላይ ባለች፣ ስሟን ልተወውና፣ አንዲት ትንሽ መንደር ውስጥ ያለ ባለ ሁለት ክፍል ክሊኒክ ደረስሁ። ሐኪም የለውም። አንዲት ነርስና አንድ ዘበኛ ብቻ ናቸው ያሉት።

ነርሷ ሲስተር ጥሩወርቅ ትባላለች። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ረጅም፣ ድምፀ ወፍራም፣ በነጩ ልብሷ ላይ የወንድ ሹራብ የምትደርብ። መመሪያውን ቆሜ ከአንድ እስከ ዐሥራ ዘጠኝ አነበብሁላት። እጇን አገጭዋ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው አደመጠችኝ።

«እንደው ወንድምዓለም» አለችኝ ስጨርስ፣ «ይኼ ሁሉ የማልሠራው ከሆነ የምሠራው የትኛው ነው?»

«የቀረውን ሁሉ፣ ሲስተር።»

«የቀረውማ በሽተኛውን ደኅና ግባ ብሎ መሸኘት ነው» ብላ ሣቀችና ፈረመች። ቀጥላም ትኩስ ድንች በአዋዜ ከገብስ ቂጣ ጋር አቀረበችልኝ። ድንቹ ጣት ይፈጃል፤ እፍ እፍ እያልን በላን። ያን ያህል የጣመኝ ምግብ ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ አልገጠመኝም።

በማግሥቱ ጠዋት ዝናቡ መንገድ ከልክሎኝ እግሬን እያወዛወዝሁ ተቀምጬ ሳለ አራት ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው ጓሮውን ጥሰው ገቡ። ቃሬዛው ላይ ይታይሽ የምትባል ወጣት አራስ ነበረች። ልጁ ሌሊት በሰላም ተወልዷል፤ የእንግዴ ልጁ ግን አልወጣም፤ ደሙም አልቆመም። ፊቷ አመድ መስሏል። ባሏ አያልነህ ከወገቡ በታች ጭቃ ብቻ ነበር።

ሲስተር ጥሩወርቅ ነጠላውን ገልጣ አየች። ሆዷን ዳሰሰች። ከዚያም ቀና ብላ እኔን አየችኝ።

ተራ ቁጥር ሰባት ነበር። የእንግዴ ልጅን በእጅ ማውጣት የሐኪም ሥራ ነው፤ ነርስ ታካሚዋን ወደ ሆስፒታል ትልካለች። ትናንት ከአፌ የወጣ ቃል ነው።

«መላክ ነው ያለብን» አልሁ።

«በምን ትሄዳለች ጌታው?» አለ አያልነህ። «ወንዙ ሞልቷል። እኛም እንኳ የደረስነው ከወንዙ ወዲህ በመሆናችን ነው። ሆስፒታሉ እኮ ደብረ ማርቆስ ነው፤ በቅሎ እንኳ አንድ ቀን ተኩል ትፈጃለች።»

«መመሪያው ነው እንጂ እኔ...»

ንግግሬን አላስጨረሰኝም። ከፊቴ ቆመና ሁለት እጁን ዘረጋ። «በንጉሥ አምላክ! ከዚህች ንቅንቅ እንዳትል!»

በዚያ አገር ይህ ቃል የተነገረበት ሰው፣ ጦር ያነሣ እንኳ ቢሆን፣ ይቆማል። ከሁለታችን በላይ በሆነ ዳኛ ፊት ጉዳዩ እስኪታይ ድረስ አትነሣ ማለት ነው። እኔ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ይህ ልማድ ጊዜው እንዳለፈበት የሚያስረዳ ጽሑፍ ጽፌ ጥሩ ማርክ ያገኘሁ ሰው ነኝ። ሆኖም እግሬ ወለሉ ላይ ተተከለ።

«አትነካም ካልህ» አለኝ፤ እስከዚያች ደቂቃ «ጌታው» ሲለኝ የነበረው ሰው «አንተ» ማለት ጀምሯል፤ «አትነካም ብለህ ጻፍና ፈርም። እነዚህ አራቱ እማኝ ናቸው። ስሟን ጻፍ፤ ይታይሽ ብለህ ጻፍ። የአንተንም ስም ከነአባትህ።»

ወረቀት አወጣሁ። አፍሬ የምናገረው ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ የምጽፈውን ቃል እመርጥ ጀመር። ከልካዩ መመሪያው እንጂ እኔ አለመሆኔን የሚያሳይ አገላለጽ እየፈለግሁ ነበር። ሴትዮዋ ከኋላዬ ውሃ ስጡኝ ትላለች፤ ድምፅዋ ከቃሬዛው በላይ አይሰማም።

«አንተ ልጅ፣ ብዕሩን ተወውና ወዲህ ና!» አለች ሲስተር ጥሩወርቅ። ሹራቧን አውልቃ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባ ነበር። «ማንቆርቆሪያውን አንሣ። አፍስስልኝ።»

አነሣሁ። አፈሰስሁላት። በሳሙና ጣቶቿን፣ የጥፍሮቿን ሥር፣ ክንዷን ደጋግማ ታጠበች፤ «ቀስ አርገህ፤ እንዳታቋርጥ» ትለኛለች። ውሃው አልቆ ዘበኛው ሌላ አመጣ፤ ሁለተኛውንም አፈሰስሁ። ከዚያ በኋላ የይታይሽን ትከሻ እንድይዝ አዘዘችኝና ያዝሁ። ስንት ደቂቃ እንደፈጀ አላውቅም። የሴትዮዋ ጩኸትና የአያልነህ «እመ ብርሃን፣ እመ ብርሃን» ማለት ብቻ ነው የሚሰማኝ። ሲያበቃ ሲስተር ጥሩወርቅ ሆዷን አጥብቃ እያሸች «ቆመ» አለች። ደሙን ማለቷ ነበር።

ወደ ደብረ ማርቆስ ስመለስ ሪፖርት መጻፍ ነበረብኝ። የሆነውን መደበቅ ውሸት መሰለኝ፤ ከዚያም በላይ ጥሩ አጋጣሚ መሰለኝ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የወንዙን መሙላት፣ ነርሷ ተራ ቁጥር ሰባትን ተላልፋ ነፍስ ማዳኗን ሁሉ ጻፍሁ። መመሪያው ሐኪም ለሌለበት ስፍራ የተለየ አንቀጽ እንዲጨመርለት የሚያሳስብ ሁለት ገጽ አስተያየትም አያያዝሁ። ሕግ ያሻሽላል ብዬ በዚያ ሁለት ገጽ ኮርቼ ነበር። ውሃ ያፈሰሰውን እጄን ግን አልጻፍሁም። ራሱ አጥፊ የሆነ ሰው አስተያየት ክብደት አይኖረውም አልሁ ለራሴ። ለራሴ ያልሁት ይህን ነበር።

ሁለቱን ገጽ ያነበበ አልነበረም። «ተላልፋ» የምትለዋን ቃል ግን ሁሉም አነበቧት። በሦስተኛው ሳምንት ሲስተር ጥሩወርቅ ሦስት ሰዎች በተሰየሙበት ጉባኤ ፊት ቀረበች። ጸሐፊው እኔ ነበርሁ።

«መመሪያው ደርሶሽ ነበር?» አሏት ሰብሳቢው።

«ደርሶኛል። ፈርሜያለሁ።»

«ታዲያ ምን ነካሽ?»

«ጌታዬ፣ የሰው ደም እየፈሰሰ ወረቀት ላገላብጥ ኖሯል?»

«የተጠየቅሽውን ብቻ መልሺ። ማን ረዳሽ?»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ብዕሬን እንደያዝሁ ወረቀቱ ላይ አቀርቅሬያለሁ። እንደምትናገር እርግጠኛ ነበርሁ፤ ዲግሪዬ፣ አባቴ፣ የሚጠብቀኝ ሹመት ሁሉ በዐይኔ ዞረ። ልናገር አፌን የከፈትሁም ይመስለኛል፤ ይመስለኛል ነው የምለው።

«ብቻዬን ነበርሁ» አለች።

ጻፍሁት። የእጅ ጽሕፈቴ በዚያን ጊዜ ከመሥሪያ ቤቱ አንደኛ ነበር።

ከክሊኒኩ ተነሥታ በሌላ ሰው ቁጥጥር ሥር እንድትሠራ፣ ብቻዋን ምንም ዓይነት ክሊኒክ እንዳትይዝ ተወሰነ። ስትወጣ በረንዳው ላይ አገኘኋት። አንድ ነገር ለማለት ተንተባተብሁ። ሹራቧን እየቆለፈች፣ «ተወው ወንድምዓለም። የአንተ ማዕረግ ገና ሊመጣ ነው፤ የእኔ እንጀራ በእጄ ነው፤ የትም አላጣውም» ብላኝ ወደ ዝናቡ ወጣች።

በጥቅምት ያችን መንደር ደግሜ አየኋት። ተተኪ ስላልተገኘ የክሊኒኩ በር ተቆልፎ ነበር። አያልነህ ከሩቅ አይቶኝ መጣ። ይታይሽ ደኅና እንደሆነች፣ ልጁም እንደወፈረ ነገረኝና «ሲስተርን መቼ ትመልሱልናላችሁ? የጎረቤቴ ሚስት ወሯ ገብቷል» አለኝ። በቅርቡ አልሁት። የማላውቀውን ነገር በእርግጠኝነት ስናገር ያ የመጨረሻዬ አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ ሦስት መንግሥት አየሁ፤ በፍርድ ቤትም በመሥሪያ ቤትም ብዙ ሺህ ገጽ ጻፍሁ። የሰውን ምስክርነት «ያልተሟላ» ብዬ የጣልሁበት ጊዜ ቁጥር የለውም። ጥንቃቄዬን የሚያመሰግኑ ነበሩ። እኔ ግን አንድ ሰው «ሙሉውን እውነት ነው የተናገርሁት» ባለ ቁጥር ወንበሬ ላይ አልረጋም ነበር። የጻፍሁት ሁሉ እውነት ሆኖ ሳለ ሐሰተኛ ሰነድ መሥራት እንደሚቻል በራሴ እጅ አይቻለሁና።

ትናንት ለሕሊና ሁሉንም ነገርኋት። ይህን ከአፌ የሰማች የመጀመሪያዋ ሰው እርሷ ናት። ትፈርድብኛለች ወይም ታጽናናኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ለሁለቱም መልስ አዘጋጅቻለሁ። እርሷ ግን ስለ እኔ ምንም አላነሣችም።

«ሲስተሯስ?» አለችኝ። «ከዚያ በኋላ ወዴት ተላከች? እንዴትስ ኖረች?»

«አላውቅም።»

«እንዴት አባባ፣ እዚያው መሥሪያ ቤት ውስጥ ሆነው?»

«አልጠየቅሁም» አልኋት።