እማማ ውዴ በቁማቸው የተለቀሰላቸው ጊዜ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ሚሊኒየሙ በተከበረ በዓመቱ፣ ፍኖተ ሰላም ላይ ልብስ እየሰፋሁ በምኖርበት ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ስንቱን አይቼ ስንቱን ረስቻለሁ፤ ይህ ግን አልረሳ አለኝ። ጥፋቱ የራሴ ስለሆነም ይሆናል።

ትምህርት ያቋረጥሁት ከአምስተኛ ክፍል ነው። የቀረውን ያስተማረኝ ዕቃ የሚጠቀለልበት ጋዜጣ ነው ብል አልዋሸሁም። ባለሱቆቹን «ደህና ጽሑፍ ባለበት ጠቅልሉልኝ» እያልሁ አስቸግራቸው ነበር። አንድ ቀን ኮረሪማ የተጠቀለለበትን ቁራጭ ስፈታው የብዕር ጓደኛ የሚፈልጉ ሰዎች ዝርዝር አገኘሁ። ከመካከላቸው አንዱ ይሄነው የሚባል ሾፌር ነው። በመኪና አደጋ ሰው ሞቶበት ሰባት ዓመት ተፈርዶበት፣ በምሥራቅ በኩል ሩቅ አገር ታስሯል። ትውልዱ ግን ፈረስ ቤት አጠገብ። የአገሬን ልጅ እንዴት ዝም ልበለው?

አድራሻው የእስር ቤቱ ትምህርት ቤት መምህር ኢሜይል ነበር። እኔ ያኔ ኢሜይል የሚባለውን በስም እንጂ በዓይኔ አላየሁትም። ሰናይት የምትባል ልጅ ኢንተርኔት ቤት ከፍታ ስለነበር እሷ ዘንድ ሄድሁ። እኔ በወረቀት ጽፌ እሰጣታለሁ፤ እሷ በአማርኛ ተይባ ትልካለች። እዚያ ደግሞ መምህሩ ከተማ በወጣ ቁጥር ያሳትመዋል፣ አንድ ኃላፊ ያነበዋል፣ ከዚያ ለይሄነው ይሰጠዋል። የእሱንም መልስ መምህሩ በዚያው መንገድ ይልክልኛል።

ሲወራ ቀላል ይመስላል። መስመሩ እንደ ክረምት ፀሐይ ብቅ ይልና ይጠፋል። መስመር ሲኖር መብራት የለም። ሁለቱም ሲኖሩ መምህሩ ከተማ የሚወጣው በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ነው። ለአንድ ደብዳቤ መልስ ወር ከምናምን እንጠብቃለን። መርፌዬን አስቀምጬ «መጣ?» ልል በሄድሁ ቁጥር ሰናይት ከሩቁ ራሷን ትነቀንቅልኝና እመለሳለሁ።

ሦስት ወይ አራት ጊዜ አጫጭር ደብዳቤ ከተጻጻፍን በኋላ ይሄነው የልቡን ነገረኝ። እናቱ ብቻቸውን ናቸው። ደብዳቤ ይጽፍለት የነበረው ታናሽ ወንድሙ ለቀን ሥራ ወደ መተማ ከሄደ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ከዚያ ወዲህ ስለ እናቱ የሰማው ነገር የለም። በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም፣ ሰው ጠይቀሽ ብቻ ንገሪኝ አለኝ።

ሰው ከምጠይቅ ራሴ ሄድሁ። በገበያ ቀን ፈረስ ቤት ድረስ በመኪና፣ ከዚያ ሁለት ሰዓት በእግር። እናቱን እማማ ውዴን ድንች ሲቆፍሩ አገኘኋቸው። ቀጭን፣ ቀልጠፍ ያሉ፣ ነገር የሚያውቁ ሴት ናቸው። ከልጅዎ ዘንድ ነው የመጣሁት ብላቸው መቆፈሪያውን ጥለው ጉልበቴን አቀፉኝ።

ወሬው ወዲያው ተዳረሰ። ጎረቤቱ ሁሉ መጥቶ ስሜን ጻፊልኝ ይለኝ ጀመር። የክርስትና አባቱ፣ ቄሱ፣ የማኅበር ጽዋ የሚጠጡት ሁሉ፣ አብረውት ከብት የጠበቁት ሁሉ። አንድ ሰው ቢረሳ ቅያሜ ነው። በመጨረሻ እማማ ውዴን የእርስዎንስ ምን ልበል ብዬ ጠየቅኋቸው።

«የኔን ከሁሉ ኋላ አድርጊው» አሉኝ። «እንግዳ ሳይበላ የቤት ሰው ይበላል እንዴ?»

እውነታቸውን ነው፤ እኛ አገር ደብዳቤ እንዲህ ነው የሚጻፈው። ሰላምታው ሁሉ ከተዳረሰ በኋላ ወደ ዋናው ነገር ይገባል። እኔም መጻፍ እንደምችል ላሳይ ብዬ ሰላምታውን አሳመርሁት። ለእያንዳንዱ ሰው ከስሙ ጋር ደህና ቃል ጨመርሁለት። እማማ ውዴ ደህና መሆናቸውን፣ ድንች ሲቆፍሩ እንዳገኘኋቸው፣ ያሉትንም ሁሉ ከዚያ በኋላ ጻፍሁ። ሰናይት ተይባ ስትጨርስ ሁለት ገጽ ሆነ። ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ።

ከወር በላይ ጠበቅሁ። ሲመጣ የይሄነው አልነበረም፤ የመምህሩ ነው። ሰናይት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አነበበችልኝ። ይሄነው በእናቱ ሞት በጣም ተጎድቷል፣ ራሱን ተላጭቷል፣ እህልም እንቢ ብሏል፤ የክፍሉ እስረኞች ንፍሮ አስቀቅለው ሦስት ቀን ልቅሶ ተቀምጠውለታል፣ አንቺም ማጽናኛ ብትጽፊለት መልካም ነው ይላል።

«እትዬ፣ ሴትዮዋ ሞቱ እንዴ?» አለችኝ ሰናይት።

እንዴት ይሞታሉ? ባለፈው ቅዳሜ እንኳ ከፈረስ ቤት በመጣ ሰው እጅ ድንች ልከውልኛል። የማደርገው ጠፋኝ። ለመምህሩ ነገሩ ምን እንደሆነ እንዲነግረን ጻፍንለት። መስመሩ አምስት ቀን ጠፋ። መልሱ ሲገኝ ነገሩ ይኸው ነው፦ ለአንድ እስረኛ የሚፈቀደው አንድ ገጽ ብቻ ስለሆነ መምህሩ የሁሉንም የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ ነው የሚያሳትመው።

አስቡት እንግዲህ። ስለ እናቱ ለጠየቀው ሰው የደረሰው የመንደሩ ሁሉ ሰላምታ ነው። ቄሱ አሉ፣ የክርስትና አባቱ አሉ፣ ጎረቤቱ ሁሉ አለ፤ እናቱ የሉም። የጎጃም ልጅ ይህን ሲያነብ ምን ይላል? እኛ ሞት በደብዳቤ አንናገርም። መርዶ ለሽማግሌ ነው የሚተወው፤ እስከዚያ ድረስ ሰላምታ እያበዛን እንሸፍነዋለን። እሱም የሸፈንሁበት መስሎት ተላጨ።

ያን ቀን ስፌቴ ላይ ተደፍቼ አለቀስሁ። ወዲያው ሰላምታ የሚባል ሳላስገባ፣ እናትህ በሕይወት አሉ፣ ስህተት ነው ብዬ አጭር አድርጌ ላክሁ። መልሱ በሃያ ቀኑ መጣ።

«እኅቴ፣ ስለ ደግነትሽ እግዜር ይስጥሽ። ግን አታባብዪኝ። የአገሬን መርዶ አውቀዋለሁ።»

ያን ጊዜ ወረቀት ብቻ እንደማይበቃ ገባኝ። ፈረስ ቤት ተመልሼ ሄጄ ሁሉንም ለእማማ ውዴ ነገርኋቸው። መጀመሪያ ሳቁ። «እኔን በቁሜ?» አሉና እንባቸው መጣ። ከዚያ ነጠላቸውን አንሥተው ተከተሉኝ።

በማግስቱ ማለዳ ፍኖተ ሰላም ፎቶ ቤት አስነሣኋቸው። ፎቶውን ይዘን ሰናይት ዘንድ ስንገባ እሷ ደግሞ ሌላ ስጋት አመጣች፤ ፎቶ የድሮም ሊመስለው ይችላል አለች። እማማ ውዴ ትንሽ አሰቡና ጻፊ አሉኝ።

«ያችን ቄብ ዶሮ ሸለመጥማጥ በላት ብለህ ገበያ ወስደህ የሸጥሃት አንተ ነህ። ከኋላህ ሆኜ አይቼህ ዝም አልሁህ። አሁን እህል ብላ።»

ሰናይት ሳቅ ይዟት መተየብ አቃታት። እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም። ፎቶው ግማሽ ሄዶ መስመሩ ይቋረጣል፤ እንደገና ይጀመራል፣ እንደገና ይቋረጣል። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው መብራት ሄደ። እማማ ውዴን ቤት ገብተን እህል እንቅመስ ብላቸው፣ ልጄ እህል እንቢ ብሎ እኔ አልበላም፣ ሳያየኝ ከዚህ አልነሣም አሉ። አግዳሚው ላይ ኩርምት ብለው ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆዩ። መብራት መጣ። ሰናይት ፎቶውን አሳንሳ እንደገና ሞከረች። ሄደ ስትል እማማ ውዴ ተነሥተው ኮምፒዩተሩን ጎንበስ ብለው እጅ ነሡት።

በአሥራ ሰባተኛው ቀን ሰናይት ራሷ ስፌት ቤቴ ድረስ እየሮጠች መጣች። በእጇ ያለው ወረቀት ላይ ሁለት መስመር ብቻ ነበር።

«ዶሮዋን የሸጥሁት ለደብተር ነው። እምዬ፣ ይቅር በይኝ።»

ይህን ይዤ ፈረስ ቤት ሄድሁ። አንብቤ ስጨርስ እማማ ውዴ ስለ ዶሮዋ አንድ ቃል አልተናገሩም። ስንት ሆነው ነው ያለቀሱልኝ? ስማቸው ማን ማን ይባላል? ብለው ነው የጠየቁኝ። እኔ የት አውቄ። እንድጠይቅ አዘዙኝና ጠየቅሁ። መልሱ በወር ከሳምንቱ መጣ። አሥራ አንድ ስም ነው፤ ክርስቲያንም እስላምም፣ ከየአገሩ የተሰበሰበ። በቃላቸው እስኪይዙት ድረስ ደጋግሜ አነበብሁላቸው። ከዚያ በኋላ እቤታቸው ባደርሁ ቁጥር ማለዳ ሲጸልዩ እሰማቸዋለሁ፤ የልጆቻቸውን ስም ይጠሩና «እነዚህ ደግሞ በቁሜ ያለቀሱልኝ ናቸው» ብለው ለፈጣሪያቸው እያስረዱ አሥራ አንዱን ይዘረዝራሉ።

ይሄነው በአመክሮ ወጥቶ አገሩ ገባ። እናቱን አራት ዓመት ጦራቸው። እማማ ውዴ ያረፉ ጊዜ መርዶውን ፍኖተ ሰላም ድረስ ይዞልኝ የመጣው እሱ ነው። ከአሥራ አንዱ መካከል ከእስር ለወጡትም፣ አድራሻቸውን ለሚያውቃቸው፣ ነገራቸው።

ሰባተኛው ቀን ሳይሞላ አንድ ጠና ያለ ሰው ከድንኳኑ ደጅ ቆመ። በራሱ ላይ ቆብ አድርጓል፤ ሙክታር እባላለሁ አለ። ከምሥራቅ ተነሥቶ መኪና እየቀያየረ ሦስት ቀን ተጉዟል። ሽማግሌዎቹ ለሟች ምኗ ነህ ብለው ጠየቁት።

«እኔ እኒህን ሴት አላየኋቸውም» አለ። «ግን አንድ ጊዜ አልቅሼላቸዋለሁ። አሁን ሁለተኛዬ ነው።»

ሴቶቹ ሁሉ እዬዬ አሉ። እኔም ከእነሱ ጋር።

ይሄነው በእኔ ደብዳቤ የተነሣ ከሁለት ወር ላላነሰ ጊዜ በሐዘን ከረመ፤ ይህን ሳስበው ዛሬም ያመኛል። አሁን ስልኬን ነካ ሳደርግ መልእክቴ እዚያው ይደርሳል፤ ሰናይትም ከተማውን ለቃ ሄዳለች፣ ያ ቤት ጫማ መሸጫ ሆኗል። በዚያ ሳልፍ ግን አግዳሚው የነበረበትን አያለሁ። ራሴን ይቅር ያልሁት ሙክታር ገብቶ ከይሄነው አጠገብ ሲቀመጥ ባየሁ ጊዜ ይመስለኛል።