የዶላሞ ስፖኪዮ

ዶላሞ ስፖኪዮ የገጠመ ሞተር ባየ ቁጥር ምራቁን ጢቅ ያደርግ ነበር። ድንቄም ሞተረኛ! ፊቱን እያየ ሊነዳ ነው? በጂንካ አዲስ ሞተር የገዛ ሁሉ ገና በመጀመሪያው ቀን ሁለቱን ስፖኪዮ ፈትቶ አልጋ ሥር ይወረውራል። ለምን ሲባል በገበያ ቀን ግፊያው ይሰብረዋል፣ የበቆሎ ጆንያ ይገነጥለዋል ይላል። ውሸቱን ነው። ነገሩ ኩራት ነው። ወደ ኋላ የሚያይ ፈሪ ነው ተብሎ ተወስኗል፤ ማን እንደወሰነው የሚያውቅ የለም እንጂ ሁሉም ያከብረዋል። የኩራተኞቹ ሁሉ አለቃ ደግሞ ዶላሞ ነበር።

ሰውየው ከጎፋ የመጣው በ1989 ነው። ጆንያ ተሸከመ፣ ግድግዳ መረገ፣ በኋላም አስፋልቱ ሲሠራ ድንጋይ መፍጫው ማሽን አጠገብ አራት ዓመት ሙሉ ቆመ። ሞተሩን የገዛው በዚያ ላብ ነው። ከዚያ ወዲህ ከጂንካ ካኮ፣ ከካኮ ቀይ አፈር ሰው እያመላለሰ ሁለት ልጆች ያስተምራል። ከሞተሩም ከልጆቹም ይልቅ የሚኮራው ግን በጆሮው ነበር። ከኋላ የሚመጣውን መኪና ዞር ሳይል ይናገራል። ይሄ አይሱዙ ነው፣ ይሄ ቱሪስት የጫነ ላንድክሩዘር ነው፣ ይሄኛው ሾፌሩ ማርሽ መቀየር የማያውቅ የመንግሥት ፒካፕ ነው ይላል። ተወራርዶ ተሸንፎ አያውቅም።

ያ የተኮራበት ጆሮ ከዳው። ድንጋይ መፍጫው ለካ ቀስ እያለ ሲበላው ኖሯል። መጀመሪያ ግራው ጠፋ፣ ከዚያ ቀኙ ጭው ማለት ጀመረ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ የራሱን ሞተር ድምፅ እንኳ በመቀመጫው እንጂ በጆሮው የማያውቅ ሰው ሆነ። ለሚስቱም አልተናገረም። መስማት የማይችል ሞተረኛ ላይ ማን ይሳፈራል? ተሳፋሪ ከሌለ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ቀሩ ማለት ነው። ስለዚህ ሰው ሲያናግረው አፍ አፉን ያያል፤ ያልገባው እንደሆነ አፍንጫውን ነፍቶ ጥሎ ይሄዳል። ድሮም ሰው ይንቅ ስለነበር ማንም የጠረጠረ አልመሰለውም።

በግንቦት አንድ ቀን ከካኮ ወዲያ ያለውን ቁልቁለት መሃል መንገድ ይዞ ሲወርድ አንድ የጭነት መኪና በግራው በኩል እንደ ንፋስ አለፈው። ደንግጦ ሲሸሽ ከአስፋልቱ ወጣና ሣር ላይ ተዘረረ። ደግነቱ ሰው አልጫነም። ሾፌሩ ወደፊት ቆሞ፣ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ አፉን ሲከፍትና ሲዘጋ ብቻ ነው ያየው። ክላክሱን ከላይ ጀምሮ ሲያንባርቀው እንደመጣ ግልጽ ነው። ዶላሞ ጉልበቱን እያሻሸ ተቀመጠና ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱን ናቀ። በሚቀጥለው የሰው ነፍስ ይዞ ነው የሚወድቀው፤ ስፖኪዮ መግጠም ግድ ሆነ።

የሞተሩን የራሱን ስፖኪዮዎች ልጆቹ ሲጫወቱባቸው ሰባብረው ጨርሰዋቸው ነበር። ስለዚህ በምሳ ሰዓት፣ ሌሎቹ ሞተረኞች ምግብ ቤት ሲገቡ ጠብቆ፣ በአሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ ጫፍ መለዋወጫ ወደምትሸጠው ወደ አይናለም ሱቅ ሄደ። ለአንድ ዘመዴ ነው አላት። አይናለም ያላትን ሁሉ ባንኮኒው ላይ ደረደረችለት።

ትንንሾቹን ክብ ክቦች በሁለት ጣቱ አንስቶ እንደ ቆሻሻ መለሳቸው። ከነሱ አንዱ ላይ የራሱ አንድ ቅንድብ ብቻ ነው የታየው። ሰማያዊዎቹ ቀትሩን አመሻሽ አደረጉበት። ቅጠል የሚመስሉት፣ የሌላ ከተማ ጎረምሶች የሚጋደሉባቸው፣ ዘንጋቸው አጭር ስለሆነ ከክርን በቀር የሚያሳዩት የለም፤ ክርኑን ለሚያደንቅ ጅል የተሠሩ ናቸው። ጎበጥ ያለ መስታወት ያላቸው ደግሞ ውጭ የቆመውን አይሱዙ ፍየል አሳክለው ሩቅ አደረጉት፤ እነዚህማ ገዳይ ናቸው። በመጨረሻ የቀረው ጥቁር፣ ሰፊ፣ ዘንገ ረጅም፣ እንደ አህያ ጆሮ የቆመ ነገር ነው። የእርሻ ቢሮ ባለሙያዎች ብቻ የሚገጥሙት! ዶላሞ በሕይወቱ ከዚህ ስፖኪዮ የበለጠ የናቀው ዕቃ የለም። ወደ በሩ አዙሮ ሲያየው ግን ሜዳው ከነከብቱ፣ መንገዱ ከነሰዉ፣ ምንም ሳይዛባ ገባለት። ተናደደ፤ ገዛው።

አይናለም ስለ ዘመዱ አንድም ነገር አልጠየቀችም። መፍቻዋን ይዛ ወጣችና በገዛ ሞተሩ ማኑብሪዮ ላይ ግራና ቀኝ አጥብቃ አሰረችለት። ዶላሞ ሞተሩን አስነስቶ ሹልክ አለ።

ከተማው ሳቀ። ጅሩ የሚባለው ሞተረኛ እጅ ነስቶ ማበጠሪያ ይዘህ ይሆን ብሎ ጠየቀው፤ ሌሎቹ አረጀ አሉ። ዶላሞ ጥርሱን ነክሶ ቻለው። አረጀ ይበሉት እንጂ ደነቆረ አይበሉት።

ሰኞ ጠዋት እንደወትሮው ቲቸር ሙሉሽን ጭኖ ወደ ካኮ ተነሳ። ቲቸር ካኮ የምታስተምር የሃምሳ ዓመት ሴት ናት፤ ከሱ ሌላ ሞተር ላይ አትወጣም። ከከተማ ወጣ እንዳሉ የቀኙን ስፖኪዮ ሲያይ አፏ ሲንቀሳቀስ አየ። ጸሎት ይሆናል ብሎ መንገዱን ቀጠለ። ትንሽ ሄደው ሲያይ አሁንም ትናገራለች፤ አሁን ደግሞ እጇን ታወራጫለች፣ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ምን ሆነች ብሎ ዳር ያዘና አቆመ።

«ምን አሉኝ ቲቸር?»

ቲቸር ክው አለች። አንድ ጊዜ ስፖኪዮውን፣ አንድ ጊዜ እሱን አየች። ከዚያ ከንፈሯን እያሰፋች፣ ቃል በቃል፣ ለሕፃን እንደሚነገረው ተናገረች።

«ላንተ አልነበረም። ስለ ባሌ ነው። ሰኞ ሰኞ ሁሌም የማወራው ስለሱ ነው። እንደማትሰማ እኮ ጂንካ በሙሉ ያውቃል ዶላሞ፤ አንተን የምመርጠውም ለዚሁ ነው።»

እሷ ብቻም አይደለችም። ነርሷ ፀዳለ በሱ ጀርባ ላይ እያለቀሰች ነው ቀይ አፈር የምትደርሰው። የማዘጋጃ ቤቱ ነጋሽ አለቃውን እስኪበቃው የሚሰድበው እሱ ሞተር ላይ ነው። ቲቸር ይህን ሁሉ ስትነግረው ቅር እንዳይለው ፈገግ ለማለት ሞከረች።

ዶላሞ እዚያው መንገድ ላይ ጥሏት ሊሄድ ቃጣው። ይሄን ሁሉ ዓመት ከተማውን ሲንቅ፣ ከተማው ጀርባውን መሐረብ አድርጎታል። ችሎታዬን አይተው ነው የሚሳፈሩኝ ሲል፣ ለካ የሚያበላው የደነቆረው ጆሮው ነው። አፈረ። ማፈሩን ደግሞ የሚደብቅበት ንቀት ከየትም አልመጣልህ አለው።

«የቀኙን ትንሽ ወዲያ አድርግልኝ፣ ይሁን?» አለች ቲቸር።

እጁን ዘርግቶ የቀኙን ስፖኪዮ ወደ ማሳው አዞረው። መኪና የሚመጣው በግራ ስለሆነ የግራውን አልነካም። ሞተሩን አስነሳ፤ ካኮ እስኪደርሱም የቲቸር ትንፋሽ ማጅራቱ ላይ አላቋረጠም።