ላጲሱ የደከመበት ምዕራፍ

ባለቤቴ በተቀበረ በሁለተኛው ሳምንት ከቤተ ክርስቲያናችን ሦስት ሰዎች መጽሐፍ ቅዱሱን ሊወስዱ መጡ። በእኛ አጥቢያ እንዲህ ያለ ልማድ አለ። አማኝ ሲሞት ልብሱን ቤተሰብ ይካፈለዋል፣ መጽሐፍ ቅዱሱ ግን ገጠር ላለ አዲስ አማኝ ይሰጣል። ደግ ልማድ ነው። ልማዱን ያወጡት ሰዎች ባል ሞቶባቸው እንደማያውቅ ግን ከቀኑ ያስታውቃል። ሐዘንተኛ በሁለተኛው ሳምንት ምን እንደምትሰጥ አታውቅም። «ውሰዱ» አልኳቸው። ያን ቀን የቤቱን ጣሪያ ቢጠይቁኝም «ውሰዱ» እላቸው ነበር።

ከሦስቱ አንዱ፣ የረቡዕን የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት የሚመሩት ሽማግሌ፣ መጽሐፉን ተቀብለው ገለጥ አደረጉና ሎሚ እንደነከሰ ሰው ፊታቸው ተኮማተረ።

«ይሄ ሁሉ የእርሳስ ጽሑፍ ምንድን ነው?»

«ጥያቄ ነው።»

«በእግዚአብሔር ቃል ላይ?»

«በጎን በጎኑ ነው» አልኳቸው።

አንገታቸውን ነቅንቀው መጽሐፉን በብብታቸው ሥር ሸጎጡት። ጥያቄዎቹን ሳያውቋቸው ቀርተው አይደለም። አብዛኞቹ መጀመሪያ የተጠየቁት እሳቸው ነበሩ።

ባለቤቴ የጂኦግራፊ መምህር ነበር። አምቦ ውስጥ ስሙን የሚጠራው ሰው ጥቂት ነው፤ ሌላው «በርሲሳ» ነበር የሚለው፣ መምህር ማለት ነው። እምነቱ የጸና ሰው ነበር። እግዚአብሔርን ሲጠይቅ ሰምቼው አላውቅም፣ የሚጠይቀው መጽሐፉን ነበር። ካርታ ሲያይ «ይህን መስመር ማን አሰመረው?» የሚል ሰው መጽሐፍ ቅዱስ ሲይዝም ያው ነው። ወረቀቱ፣ ቁጥሩ፣ አርእስቱ፣ የፊደሉ ማነስ፣ ሁሉም ከአንድ ሰው እጅ የወጣ ነውና ያ ሰው ማን እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋል።

አንድ ረቡዕ እጁን አወጣና «ሌላ መጽሐፍ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ነው የሚጻፈው። ይሄ ለምን እንደ ጋዜጣ ለሁለት ተከፈለ?» አለ።

ሽማግሌው ጊዜ አልወሰዱም። «አንዱ ዓምድ ብሉይ ኪዳን፣ አንዱ ዓምድ ሐዲስ ኪዳን ነው። ምሳሌ ነው።»

ከኋላችን የተቀመጡ ሰዎች ይህን በማስታወሻቸው ጻፉት።

«ብሉይ ኪዳኑ ውስጥ ያለው ገጽም እኮ ሁለት ዓምድ ነው» አለ ባለቤቴ።

«እሱ ትንቢት ነው» አሉ ሽማግሌው።

ይህም ተጻፈ።

ወረቀቱ ለምን እንደሳሳ ሲጠይቃቸው የጽድቅ መንገድ ቀጭን ስለሆነች ነው አሉት። እቤት ገብተን እራት ስናቀርብ፣ «በወፍራም ወረቀት ቢያትሙት ወደ ቤተ ክርስቲያን በአህያ ጭነን ነበር የምንሄደው፤ ይህን ማለት ምን ይከብዳል?» እያለ ይስቅ ነበር። ዓምዱም ቢሆን ፊደሉ ደቃቅ ስለሆነ ነው፤ መስመሩ ከረዘመ ዓይን ሲመለስ ቦታው ይጠፋበታል። አንድ ጊዜ ደግሞ አንድ እንግዳ ሰባኪ የጌታ ቃል በቀይ ቀለም የታተመበት የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ይዞ መጣና ሰው ሁሉ ተሰብስቦ አደነቀ። ባለቤቴ ቀረብ ብሎ አየና፣ «እኔ በቀይ የምጽፈው ተማሪ ሲሳሳት ነው። ጌታን ማን አረመው?» አለ። ሰባኪው አማርኛ አለመስማቱ በጀን።

ከሁሉ የባሰው የቁጥሮቹ ቀን ነበር። ምዕራፎቹን የከፈለው ከሐዋርያት ከሺህ ዓመት በላይ ዘግይቶ የመጣ አንድ የእንግሊዝ ጳጳስ እንደሆነ፣ ቁጥሮቹን ደግሞ ከእሱም በኋላ አንድ የፈረንሳይ አታሚ እንዳስገባቸው የሆነ ቦታ አንብቦ መጣ። ሰውየው ከከተማ ከተማ በፈረስ ሲጓዝ እየቆጠረ ነው ያስገባቸው ይባላል።

«በፈረስ ላይ?» አሉ ሽማግሌው።

«ይባላል ነው ያልኩት። ግን በጀልዱ ኮረኮንች መንገድ በበቅሎ የሄደ ሰው ያምነዋል። አንዳንዱ ቁጥር ዓረፍተ ነገር መሐል ያረፈው በቅሎዋ ስትደናቀፍ መሆን አለበት።»

ሽማግሌው መጽሐፋቸውን ከደኑ። «እንጸልይ» አሉ። ዓይን ሲጨፈን ጥያቄ ይቆማል።

በእኔም ወገን የተሻለ አልነበረም። እኔ ከኦርቶዶክስ ቤት ወጥቼ ነው ያገባሁት። ወንድሜ ቤታችን በመጣ ቁጥር መጽሐፉን በጣቱ ጫፍ እየነካ፣ «አሥራ አምስት መጽሐፍ የጎደለው ይሄ ነው?» ይል ነበር፤ የኦርቶዶክሱ ሰማንያ አንድ፣ የእኛ የጴንጤዎቹ ስልሳ ስድስት መሆኑ ነው። ባለቤቴም የዘወትር መልሱን ይሰጠው ነበር፦ «ወንድሜ፣ ስልሳ ስድስቱን አንብበህ ስትጨርስ አሥራ አምስቱን አብረን እንፈልጋለን።» ወንድሜ እስከ ዛሬ አልጨረሰም። እውነቱን ለመናገር የእኛዎቹም አልጨረሱም።

በእኛ ቤተ ክርስቲያን የመንፈሳዊነት መለኪያ ፍጥነት ነው። ሰባኪው «ወደ ፊልሞናን አውጡ» ሲል ገጽ እንደ በቆሎ ማሳ ይንሿሿል፤ ቀድሞ ያገኘ «አሜን!» ይላል። ፊልሞና አንድ ገጽ ብቻ የሆነች ደብዳቤ ናት። እኔ አንድም ቀን አግኝቻት አላውቅም። ወረቀቱ ስለሚጣበቅ ሁለት ቅጠል አብሬ እገልጥና አልፋታለሁ፤ ተመልሼም አልፋታለሁ። ባለቤቴ ከጎኔ ሳቁን እያፈነ «ጣትሽን አርጥቢ» ይለኛል። እኔ በሰው ፊት ጣቴን አልልስም። ስለዚህ ሃያ ዓመት ሙሉ ፊልሞናን ከእሱ መጽሐፍ ላይ አንገቴን አስግጌ ነው ያነበብኩት።

ሆስፒታል በተኛበት በመጨረሻው ሳምንት መጽሐፉን ደረቱ ላይ አስደግፎ ሲጽፍ አየሁት። እጁ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ቆየበት።

«ምን ትጽፋለህ?»

«ለአንቺ ነው።»

«አሳየኝ።»

«አሁን አይደለም። አንቺ በማትደርሺበት ቦታ ነው የጻፍኩት» አለና ከትራሱ ሥር ከተተው።

ተናድጄ ብርድ ልብሱን ማስተካከል ያዝኩ። በአራተኛው ቀን ሞተ።

ይህን ሁሉ ረስቼ ነው «ውሰዱ» ያልኩት። ያስታወሰኝ ካፖርቱ ነው። ሁለት ወር ያህል ቆይቼ ኪሱን ስፈትሽ በሁለቱም ጫፍ በቢላ የተቀረጸች፣ ከጣቴ የምታጥር እርሳስ አገኘሁ። እዚያው አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ ጽፎልኛል፣ እኔ ሳላነበው ሰጥቼዋለሁ። ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቢሮ ሄድኩ።

የሴቶች ክፍል ሰብሳቢዋ ተነሥታ አቀፈችኝ።

«እህታችን! ጌታ ይመስገን! መጽሐፉ እኮ ካቺሲ ደረሰ። ደግሞ እንደዚያ ሆኖ አልሄደም፣ አጽድተነዋል።»

«እንዴት ነው ያጸዳችሁት?»

«በላጲስ ነዋ! ሦስት እህቶች ሁለት ቀን ጾመው ደመሰሱት። አዲስ አማኝ በጥያቄ እንዳይሰናከል ብለን።»

«ሁሉንም?»

«መንፈስ እስከመራን ድረስ» አለችኝ።

መንፈስ እስከ የት እንደመራቸው ልትነግረኝ አልቻለችም። መጽሐፉን የወሰደውን ሰው ስም ግን ጻፈችልኝ። በማግስቱ ገበያ ወጥቼ አዲስ የአፋን ኦሮሞ መጽሐፍ ቅዱስ ገዛሁ፤ ባዶ እጄን ሄጄ የተሰጠን ነገር መልሱ አልልም። ደግሞም ያን ጊዜ ልጆቹ ሁሉ በቁቤ፣ በኦሮምኛው ፊደል ነበር የሚማሩት። ለካቺሲ ገበሬ የአማርኛ መጽሐፍ መላክ የኛ የወንጌል ሥርጭት ክፍል ብቻ የሚያስበው ነገር ነው።

ከአምቦ ጊንጪ፣ ከጊንጪ በጀልዱ በኩል ካቺሲ። አውቶቡሱ የድንች ጆንያም ሰውም እኩል አስቀምጦ ይሄዳል። መንገዱ ሲያነጥረኝ ያን ፈረንሳዊ አታሚ አሰብኩት፤ ባለቤቴ ልክ ነበር። ከማሰብ በቀር የምሠራው ስለሌለኝ ሦስቱ ጿሚ እህቶች በምን ያህል ፍጥነት እንደሚደመስሱ በልቤ አሰላ ነበር። ሁለት ቀን ለሦስት ሰው ብዙ ነው።

መጽሐፉ የደረሳቸው ሰው ነጭ ጢም ያላቸው አዛውንት ገበሬ ሆነው ተገኙ። ጤና ጣቢያ ከምትሠራ ልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት። «አካም ጅርቱ፣ አዴ? እንደምን አላችሁ? ግቡ፣ ግቡ» ብለው በርጩማ ሰጡኝ። ማን እንደሆንኩና ለምን እንደመጣሁ ነገርኳቸው። አዲሱን መጽሐፍ አወጣሁና ጉልበታቸው ላይ አኖርኩት።

ልጅቷ ወደ ጓዳ ገብታ አሮጌውን በጨርቅ እንደተጠቀለለ አመጣችው። መጀመሪያ ዘፍጥረትን ገለጥኩ። ምዕራፍ ሁለት ላይ የባለቤቴ ጥያቄ የት እንደነበር በቃሌ አውቃለሁ፦ «ሰባተኛው ቀን ለምን ከስድስቱ ተለይቶ ምዕራፍ ሁለት ውስጥ ገባ? ከፋዩ ሳምንት ሰባት ቀን መሆኑን አያውቅም?» ጥያቄው የለም። በቦታው ጣት የሚያሳልፍ ቀዳዳ አለ። በስስ ወረቀት ላይ ላጲስ እንዲህ ነው። እህቶቻችን ቃሉን ከባለቤቴ እርሳስ ሲያድኑ እግዚአብሔር ያረፈበትን ቀን ቀደዱት።

ቀጠልኩ። ዘፍጥረት ንጹሕ ነው፣ ዘፀአት ንጹሕ ነው። ዘሌዋውያንን ገለጥኩ። የመሥዋዕቱ ምዕራፎች ንጹሕ ናቸው። ምዕራፍ አሥራ ሦስት፣ ስለ ለምጽ የሚናገረው ላይ ስደርስ በግማሹ የደበዘዘ፣ በግማሹ ጥርት ያለ የባለቤቴ ጽሑፍ አየሁ። ከዚያ በኋላ አንድም አልተነካ። ዘኍልቍ ሞልቷል፣ ዘዳግም ሞልቷል። ሳቄ መጣ። በየዓመቱ መጀመሪያ መጽሐፍ ቅዱስን ከዳር እስከ ዳር አነባለሁ ብሎ የሚነሣ የእኛ ሰው ሁሉ የሚወድቀው እዚሁ ለምጹ ላይ ነው። ላጲሱም እንደ አንባቢዎቹ እዚሁ ደክሟል።

«ባዶ አድርገውት መስሎኝ ነበር» ስላት፣ «ባዶው የታለ?» ብላ ልጅቷ ሳቀች። «እኛ እኮ ማታ ማታ የምናነበው እሱን ነው። አባዬ ቃሉን በቤተ ክርስቲያን እሰማዋለሁ፣ የእርሳሱን አንብቢልኝ ነው የሚለኝ።»

አዛውንቱ አዲሱን መጽሐፍ እያገላበጡ ሳለ ቀና አሉ። «ይሄ ግን ጥያቄ የለውም?»

«የለውም፣ አባቴ። አዲስ ነው።»

«እንግዲያ ምን ይሠራልኛል?» አሉና መለሱልኝ።

በዚህ ተከራከርን። እኔ የባሌ እጅ ነው አልኩ፣ እሳቸው የተሰጠኝ ነው አሉ፤ ሁለታችንም ትክክል ነበርን። ልጅቷ ናት ያስታረቀችን። ጥያቄዎቹን በአዲሱ የአፋን ኦሮሞ መጽሐፍ ጎን ላይ ልጽፍላቸው ተስማማሁ። ከካፖርቱ ኪስ ያገኘኋትን እርሳስ አወጣሁ። እኔ በሕይወቴ በመጽሐፍ ቅዱስ ላይ ጽፌ አላውቅም፤ አባቴ ቢያየኝ እጄን ይቆርጠኝ ነበር። እስከ ማምሻው ድረስ ጻፍኩ። አዛውንቱ አንዳንዱን እንደሰሙ ጉልበታቸውን ይመታሉ፣ ስለ በቅሎዋ ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ።

ስንጨርስ አሮጌውን ተቀበልኩና ወደ መጨረሻው ገለጥኩት። ከራእይ በኋላ ያሉት ባዶ ገጾች ባዶ ነበሩ። በሽፋኑ ውስጥም ፈለግሁ፣ ካርታዎቹ ጀርባም አየሁ። ምንም የለም። የደመሰሱት ውስጥ ይሆን ብዬ እንባዬ ሲመጣ ያለኝ ነገር ትዝ አለኝ። አንቺ በማትደርሺበት ቦታ።

ፊልሞናን ፈለግሁ። አለፍኳት። ተመለስኩ፣ እንደገና አለፍኳት። ልጅቷም አባቷም እያዩኝ ነው። ጣቴን ላስኩ።

ገጿ ተላቀቀች። በጎኗ፣ በተጣመመ ጽሑፍ፣ እንዲህ ይላል፦

«ደረስሽ? ጣትሽን አርጥቢ ብዬሽ ነበር። የመጨረሻ ጥያቄ፦ አንድ ገጽ ብቻ የሆነችው ይቺ ደብዳቤ ከኢሳይያስ እኩል አንድ መጽሐፍ ተብላ የተቆጠረችው ለምንድን ነው? ሽማግሌውን እንዳትጠይቂያቸው፣ ትንቢት ነው ይሉሻል። ከሥር ለመልስሽ ቦታ ትቼልሻለሁ።»

ከሥሩ ሦስት ጣት የሚያህል ባዶ ቦታ ነበር።

አዛውንቱ ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። «ማል ጀዳ? ምን ይላል?»

«ይሰድበኛል» አልኳቸው፣ እንባዬን በነጠላዬ እየጠረግሁ።

«እንግዲያስ» አሉ ቀና ብለው፣ «በእውነት የባልሽ መጽሐፍ ነው። ውሰጂው።»