አክስቴ ለማርታ በጆሮዋ የነገረቻት

ባለፈው ወር ለቅሶ ደርሼ ስመለስ ሚኒባሱ አዲሎ ላይ ቆመ። ረዳቱ ተሳፋሪ ሲጣራ፣ ሴቶች በመስኮት ሙዝ ሲያቀርቡ፣ ከፊቴ የተቀመጠች እናት የልጇን ጣቶች ፈልቅቃ ብስኩት አወጣች። «ማን ሰጠህ?» አለችው። ብስኩቱን አገላብጣ አየችው፣ አሸተተችው፤ ከዚያ ዞራ እያንዳንዳችንን አየችን። ልጁ ምን ሕመም እንዳለበት አላውቅም፤ ምናልባትም ምንም የለበትም። አስተያየቷን ግን አወቅሁት። እናቴ አንድ መስከረም ሙሉ ሰውን እንዲህ ስታይ ከርማለች።

ያኔ እኔ አሥረኛ ክፍል ነበርኩ፤ እህቴ ማርታ ገና ሁለተኛ ክፍል። ቤታችን ሆሳዕና፣ ከገበያው ወረድ ብሎ፣ በእንሰት የተከበበ ግቢ ውስጥ ነበር። አባዬ የጠምባሮ ሰው፣ መምህር ነው፤ እማዬ የሌሞ ልጅ፣ ሀዲያ ናት። ሁለቱ የሚግባቡት በአማርኛ ነበር።

ያን ክረምት ማርታ ከሳች። ውሃ ጠጥታ አትረካም። ወስፋት ነው ተባለና መድኃኒት ተሰጣት። ነሐሴ ላይ አንድ ጠዋት አስመለሳትና እንደሮጠ ሰው እያለከለከች ተኛች። ትንፋሿ የበሰበሰ ፍራፍሬ ይሸታል። ስንጠራት አትሰማም። አባዬ አቅፎ ጋሪ ላይ አወጣት። ጭቃው ፈረሱን ይይዘዋል፤ እማዬ በሀዲይኛ ትጸልያለች፤ እኔ የማርታን እግር ይዤ ሙቀቱ እንዳለ እዳስሳለሁ።

«ስኳር ነው» አለን የሆስፒታሉ ሐኪም። «ትንሽ ብትዘገዩ…» ብሎ ተወው።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ነቃች። የአባዬ ታላቅ እህት፣ አክስቴ ጥሩነሽ፣ ልታስታምም ከአገሯ ከሙዱላ እዚያው ሆስፒታል ድረስ መጣች። ልጅቷን ይዘን ቤት ገባን፤ ጥርጣሬው ከየት እንደገባ ግን እንጃ። እማዬ ጎረቤት የላከልንን ወተት አሽትታ ደፋችው። አባዬ እንዲቀዘቅዝ በእርጥብ አሸዋ በተቀበረች ማሰሮ የሚቀመጠውን የማርታን ኢንሱሊን በየጠዋቱ ወደ ብርሃን አንስቶ፣ «ይሄ ነገር ተበላሽቶ ይሆን?» ይላል። አክስቴ ደግሞ በር ላይ ተቀምጣ የሚገባውን ሰው ዓይን ታያለች።

እማዬ ምግብ ፈራች። ቆጮውን በስሱ ትቆርስላታለች፤ ድንችና ዳቦ ከለከለቻት። በመስቀል ሰሞን መንደሩ በሙሉ ቅቤ ቅቤ ሲሸት ማርታ ጎመን ይዛ ተቀመጠች። አክስቴ እያስጠጋቻት በጠምባሮ ቋንቋ ታንሾካሹክላታለች። እማዬ ቋንቋውን አትሰማም፤ እኔ ብሰማም ድምፁ አይደርሰኝም።

«ምን እያለቻት ነው?» ትለኛለች እማዬ። «ዓይንሽን ከእሷ ላይ አትንቀዪ።»

አንድ ቅዳሜ እማዬ የማርታን ዩኒፎርም ስታጥብ ከኪሱ የከረሜላ ወረቀት አገኘች። እርጥብ እጇን ሳትጠርግ ገባች።

«እትዬ፣ ይሄን ማን ሰጣት?»

«እኔ ነኝ» አለች አክስቴ።

«ልጄን ልትገድዪ ነው የመጣሽው?»

አክስቴ ማርታን አየቻት። ማርታ መሬት መሬት ታያለች። አባዬ፣ «እህቴ፣ ለምን?» አለ። ተነስታ ልብሷን ማጠፍ ጀመረች። በማግስቱ ጠዋት ጓዟን ሸክፋ ወደ መናኸሪያ ሄደች። ቤቱ ያረፈ መሰለን።

ብዙም ሳይቆይ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ማርታ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። በዚያ ብርድ ግንባሯ በላብ ርሷል፤ እጇ ይንቀጠቀጣል፤ ባዶ ኪሷን ትፈትሻለች።

«ከረሜላዬ…» አለች አፏ እየተሳሰረ። «አክስቴ… ስትንቀጠቀጪ ቶሎ ብዪ ብላኛለች።»

ስኳር ለእኛ ቤት መርዝ ነበር። ብሰጣት ብትሞትስ? ደግሞ ዓይኗ እየከበደ ነው። ከመንገዱ ማዶ ወዳለች ሱቅ ሮጥኩ። ባለሱቋ፣ የጉራጌዋ እትዬ ዘይነባ፣ ምንም ሳትጠይቅ ስኳር በውሃ በጥብጣ ሰጠችኝ። ማርታ ጠጣች። እኔ ፊቷን እያየሁ ጠበቅሁ። ቀስ በቀስ እጇ ረጋ፣ ስሜን ጠራችኝ።

ያኔ ተናገረች። መንቀጥቀጡ ብዙ ጊዜ ይመጣባት ነበር። «ብናገር እማዬ ታለቅሳለች፣ አባዬ መድኃኒቱ ተበላሸ ይላል፣ ከዚያ ይጣላሉ። አክስቴን ለማንም እንዳትነግሪ ብዬ ቃል አስገባኋት።»

እማዬ ይህን ስትሰማ ነጠላዋን አንስታ ሆስፒታል ወሰደችን። ነርሷ፣ «መርፌው እንዳለ ሆኖ ምግቡን ከቀነሳችሁባት ስኳሯ ይወርዳል» አለቻት። «ሲወርድባት ጣፋጭ ስጧት ብዬ ነበር እኮ። አንቺ ታለቅሺ ስለነበር ለአክስቷ ነው ያስረዳሁት። እሷም ለእናንተ መንገር ነበረባት፤ ዝም የሚባል ነገር አይደለም።»

በማግስቱ እማዬ ብቻዋን ሙዱላ ሄደች። የምትለውን መንገዱን ሁሉ ስታሰናዳ እንደዋለች ኋላ ነግራኛለች። በሩ ላይ ስትደርስ ግን ሁሉም ጠፋት። አክስቴ ከእንሰቱ ሥር ቀና ብላ አየቻትና፣ «ልጅቷ በላች?» አለቻት። አብረው ተመለሱ፤ የአክስቴን ጓዝ የተሸከመችው እማዬ ነበረች።

መተማመን ባንድ ቀን አልመጣም። እማዬ ወተት ማሽተቱን ለረጅም ጊዜ አልተወችም። ማርታ ግን፣ «እየተንቀጠቀጥኩ ነው» ብላ ጮክ ብላ መናገር ጀመረች፤ አባዬም ዝም ብሎ ስኳር ማምጣት ለመደ።

ዛሬ ማርታ ዱራሜ ላይ መምህር ናት፤ መርፌዋን አሁንም ትወጋለች፣ ልጆችም አሏት። በሽታው ብቻውን ሊወስዳት ይችል እንደነበር አውቃለሁ። ሳስበው የሚያስፈራኝ ግን እኛ ልንጠብቃት ብለን ሕመሟን የምትደብቀን ልጅ ማድረጋችን ነው። በቅርቡ ቤቷ ሄጄ ሳለሁ ትንሹ ልጇ ከጓዳ፣ «እማ፣ ብርጭቆ ሰበርኩ» ብሎ ሳይፈራ ተጣራ። እሷ ከመቀመጫዋ ተነሳች። «እንዳትንቀሳቀስ፣ እግርህን እንዳይቆርጥህ» አለችው፤ መጥረጊያ ይዛም ገባች።