ከመርዶው በፊት ያየናት ፈረንሳይ

ኦስሎ ውስጥ፣ ብሪን ከሚባለው ሰፈር፣ ከምሠራበት ቢሮ ወደ ባቡር ጣቢያው ስወርድ፣ ሰዎች ቦቢላቸውን ለክረምቱ የሚያቆሙበት አንድ ትልቅ መጋዘን አለ፤ ቦቢል ማለት ውስጡ አልጋም ማድቤትም ያለው፣ እየነዱ የሚያድሩበት መኪና ነው። ባለፈው ሳምንት በዚያ ሳልፍ አንድ ሰውዬ የመኪናውን በር ከፍቶ ምንጣፍ ሲያራግፍ፣ የረጠበ ምንጣፍ፣ የጋዝ ምድጃና የቆየ ፍራሽ ሽታ ተቀላቅሎ ወጣና እግሬን ቀጥ አደረገው። ሰውዬው «የጠፋሽ ነገር አለ?» ብሎ በኖርዌጅኛ ሲጠይቀኝ ኔይ፣ የለም፣ ብዬው አለፍኩ፤ ባቡሩ ውስጥ ግን ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ እስከ ሃውገንስቱዋ ድረስ አለቀስኩ። ሰው ለፍራሽ ሽታ ያለቅሳል? እኔ አለቀስኩ።

ያኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሃውገንስቱዋ በሚባለው የኦስሎ ዳርቻ ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ እንኖር ነበር፤ አባባ የከተማ አውቶቡስ ይነዳል፣ እማዬ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። እዚያ የምታጥባቸውና የምታበላቸው ሽማግሌዎች ጉልበት በነበራቸው ጊዜ፣ በየዓመቱ ቅጠል ሲረግፍ፣ በቦቢል የፈረንሳይን ገጠር ይዞሩ እንደነበር ያወሯታል፤ እሷም ሰምታ ትመጣና ራት ላይ የራሷ ጉዞ ይመስል ታወራልን ነበር። «ቱሪስቱ ሄዶ፣ ወይኑ ተለቅሞ፣ መንደሩ ጭር ሲል ነው አሉ የሚያምረው» ትል ነበር። አባባም «ምን ችግር አለ የሺዬ፣ አውቶቡሴ ላይ ፍራሽ አነጥፍልሽና እንሄዳለን፣ ሃኒም ቲኬት ትቆርጣለች» እያለ ያሾፍባት ነበር። ሃኒ እኔ ነኝ። እሷ ታኮርፋለች፣ እሱ ይስቃል፣ ወሬው ለሚቀጥለው ራት ያድራል።

አንድ ሌላ ሰው ደግሞ ነበር፣ ቤታችን አንድ ቀን እንኳ ሳይገባ ከእኛ ጋር የኖረ፤ ማሙሽ፣ የእማዬ ታናሽ ወንድም። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና ጡት አልጣለም ነበርና፣ ራሷ ልጅ ሆና በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው እማዬ ናት። አዳማ ላይ ጋራዥ ከፍቶ፣ ጢም አውጥቶ፣ አገር ሁሉ ደረጀ እያለው እንኳ ለእሷ ማሙሽ ነበር። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን ነጠላዋን ሳታወልቅ ትደውልለትና «በላህ? ምን በላህ? ማን ሠራልህ?» እያለች ታዋክበው ነበር፤ እሱ ደግሞ ስለ መኪና ካልሆነ ሌላ ወሬ አያውቅም። ድምፁን ሰማሁ እንጂ በአካል አላየሁትም፣ ግን እወደው ነበር።

እንግዲህ ያ ሰው ነው የሞተው። ሲጠግነው የነበረው መኪና ክሪኩ ከድቶት ወደቀበት። ወሬው የደረሰው ለአባባ ነው፣ ሥራ ላይ እያለ። በእኛ ወግ እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይነገርም፣ ብቻዋን ለቆመች ሴትም አይነገርም፤ የሥጋ ዘመድ አጠገቧ ሆኖ፣ የሚይዛት ሰው ኖሮ፣ በማለዳ ነው የሚረዷት። ከወንድሟ ሌላ የቀረቻት ስቶክሆልም የምትኖረው ታላቅ እህቷ እትዬ ጥሩ ብቻ ነበረች፤ እሷ ደግሞ ለቀብሩ ወደ አዳማ በርራለች። እሷ እስክትመለስ፣ ሁለት ሳምንት ያህል፣ ይጠበቅ ተባለ። እስከዚያ ግን ሃውገንስቱዋ ያለ አበሻ ሁሉ ያውቃል፣ ከትልቅ ሰው የማታውቀው እሷ ብቻ ናት። አንድ ቀን ስቶቭነር የገበያ ማዕከል ውስጥ አንዲት ሴት እማዬን አቅፋ አልለቅ ስትላት፣ አባባ ነገሩ ከሰው አፍ ሊያመልጥ እንደሆነ ገባው። በዚያው ዕለት ከእኛ በታች ወዳለው ፎቅ ወርዶ፣ ጡረታ የወጡትን ኤርትራዊ ጎረቤታችንን አቦይ ሃብቶምን አሮጌ ቦቢላቸውን እንዲያውሱት ለመናቸው። ቁልፉን መዳፉ ላይ አስቀምጠው «ግርማ ወደይ፣ ልጄ፣ ከባድ ነው የምትሸከመው» አሉት። ይህን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው።

እማዬ ቁልፉን ስታይ የሆነችውን ግን ዓይኔ አይቷል። «እንዴ ግርማ፣ አብደሃል? በዚህ ብርድ?» አለች። «ጭር ሲል ነው የሚያምረው አላልሽም?» አላት። ጮኸች፣ ዘለለች፣ እኔ ቆሜ እያለሁ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ሳመችው፤ እንዲህ ያለ ነገር ቤታችን ውስጥ አይታወቅም ነበር። ትምህርት ቤት ፈቃድ ተጠየቀልኝ፣ በርበሬና ሽሮ በጣሳ ተቋጠረ፣ አባባም ከኖርዌይ ውጪ ስልክ መደወል ኪስ ያራቁታል ብሎ የእማዬን ስልክ ከራሱ ቦርሳ ውስጥ ከተተው። «ማሙሽ እሑድ ይጠብቀኛል እኮ» ስትለው፣ «ይረዳልሻል» ብሎ ጫማውን ማሰር ጀመረ።

በመርከብ ጀርመን ወርደን፣ ከዚያ እየነዳን ፈረንሳይ ገባን። ሽማግሌዎቹ አልዋሹም። ወይኑ ተለቅሞ ቅጠሉ ኮረብታው ላይ ቢጫና ቀይ ሆኖ ቀርቶ ነበር፣ ጉሙ እስከ እኩለ ቀን አይገፈፍም፣ ከየጭስ ማውጫው ቀጭን ጭስ ይወጣል። የመኪና ማደሪያዎቹ ለክረምት ተዘግተው ስለነበር በየመንደሩ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ እንቆም ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ክፍት የሚሆነው ዳቦ ቤቱ ብቻ ነው፣ እማዬም ነጠላዋን አጣፍታ ትገባና ወገቧን ሰብራ፣ ሁለት እጇን ዘርግታ «ቦንዡር» ትላለች፣ ዳቦ ሻጯም ግራ ገብቷት መልሳ እጅ ትነሳለች። በሳቅ እንሞት ነበር። ማታ ጋዙን ለኩሰን፣ ሽሮውን በዚያ ረጅም ዳቦ እየጠቀስን፣ ሦስታችን አንድ ብርድ ልብስ ውስጥ ተወሽቀን የዝናቡን ድምፅ እንሰማ ነበር። እማዬን እንደዚያ አድርጋ ስትስቅ ከዚያ በፊት አላየኋትም፣ ከዚያ በኋላም አላየኋትም።

በየሄድንበት ግን ማሙሽ ነበር። «ማሙሽ ይህን መኪና ቢያይ ያብዳል» ትልና አባባን ሞተሩን አስከፍታ በካሜራዋ ፎቶ ታነሳ ነበር፤ «ወደዚያ በል ግርማ፣ እጅህ ጋረደው፣ ማሙሽ ዋናውን ነገር ነው ማየት የሚፈልገው» ትለዋለች። አባባ የሞተሩን ክዳን ይዞ፣ ራሱን አቀርቅሮ፣ ጨርሳ እስክትሄድ ይቆም ነበር። ደክሞት ይመስለኝ ነበር።

አንድ ጠዋት የመንደሩ ሰው ሁሉ የአበባ ማሰሮ ታቅፎ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሄድ አየን። እማዬ ገበያ መስሏት፣ ደስ ብሏት፣ ቢጫውን መርጣ ገዛች፤ አደይ አበባ መስሎ ታይቷት ነው። ሰዉን ተከትለን ስንሄድ የደረስነው መቃብር ቦታ ሆነ፤ ለካ የሙታን መታሰቢያቸው ኖሯል። «ውይ በሞትኩት፣ ለሞተ ሰው ነው ለካ!» አለችና አማተበች። ከዚያም አሰብ አድርጋ «ግድ የለም፣ ለእናቴ ይሁንላት» ብላ ማሰሮዋን ጠያቂ ያጣ የሚመስል አሮጌ መቃብር ላይ አኖረች። አባባ ተመልሶ ሌላ ማሰሮ ገዝቶ መጣና ከእሷው አጠገብ አስቀመጠ። «ያንተ ደግሞ ለማን ነው?» አለችው። «እንዲያው... ሰው ላላስቀመጠለት» አላት። አንጀቷን በላው መሰለኝ፣ ክንዱን ይዛ ወጣች።

ከዚያ ወዲያ ባለው መንደር የአሮጌ ዕቃ ገበያ ነበር። እማዬ ድስቱንና ሻማ ማስቀመጫውን ሁሉ አልፋ አንድ ቡናማ የቆዳ ጃኬት ላይ ተጣበቀች። «ግርማ፣ ና እስቲ ልበሰው። ማሙሽ ትከሻው እንዳንተ ነው» አለችው። «ተይው የሺ፣ ሻንጣው ሞልቷል» ቢላት ማን ሰምቶት! አለበሰችው። ዚፑን እስከ አገጩ ዘጋችለት፣ ወዲያ ዙር ወዲህ ዙር አለችው፣ ጀርባውን መታ መታ አድርጋ «አቤት ሲያምርበት! አቤት የኔ ልጅ!» አለች። አባባ መሐል ገበያ ላይ፣ እጁን እንደ ልጅ ዘርግቶ እንደቆመ፣ እንባው በጢሙ ላይ ወረደ። «ነፋስ ነው፣ ዓይኔ ውስጥ ነፋስ ገባ» አለ። እሷ ግን «ጃኬቱ ላንተ ስላልሆነ ነው የምታለቅሰው? ወይ ቅናት!» ብላ ሆዷን ይዛ እስክትንበረከክ ሳቀች፣ እኔም ሳቅኩ፣ ሻጩም ቋንቋው ሳይገባው አብሮን ሳቀ።

ኦስሎ በገባን ማግስት በማለዳ በራችን ተንኳኳ። የከፈተችው እማዬ ናት፣ በሌሊት ልብሷ። ስቶክሆልም ናት የምትላት እህቷ እትዬ ጥሩ ጥቁር ለብሳ፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ቆማለች፤ ከኋላዋ አቦይ ሃብቶም፣ የማኅበሩ ሽማግሌዎች፣ ሴቶቹ፣ ደረጃው እስከ ታች ሞልቷል። «ማንን ነው?» አለች እማዬ። የእህቷን ነጠላ አየች። «ማሙሽን ነው?» አለች። እትዬ ጥሩ ይዛት ወለሉ ላይ አብረው ወደቁ። ጩኸቱን ሰምቶ ከላይኛው ፎቅ ኖርዌጂያኑ ጎረቤታችን በነጠላ ጫማ ወርዶ ነበርና፣ አባባ ደረጃው ላይ ቆሞ በዝግታ ሲያስረዳው አስታውሳለሁ።

ክረምቱ ገብቶ በረዶው መስኮቱን ሲሞላ ለቀስተኛው እየሳሳ ሄደ፣ እትዬ ጥሩም ጃኬቱን ሻንጣዋ ውስጥ ከትታ ወሰደችው፤ ለማን እንደሰጠችው አልጠየቅንም። አንድ ቀን ምሳ ላይ እማዬ ማንኪያዋን አስቀምጣ «መቼ ነው የሰማኸው?» አለችው።

«የሺዬ...»

«መቼ?»

«ከመሄዳችን በፊት።»

ሳህኗን ገፋ አደረገች። «አስቀኸኛል እኮ ግርማ» አለች። «ወንድሜ አፈር ለብሶ፣ አንተ እያወቅህ፣ አስቀኸኛል። ጃኬት አስለክቼሃለሁ!»

«የሚይዝሽ ሰው ሳይኖር እንዳትሰሚው ብዬ ነው» አላት። «ደግሞ... አንድ ጊዜ እንኳ ደስ ይበልሽ አልኩ። ከዚያ በኋላ እንደማትስቂ አውቄ ነበር።»

እማዬ መርዶ መደበቁን አልጠላችም፤ እሷም ለስንቱ ደብቃለች፣ ስንቱን ይዛለች። የጠላችው ደስታዋን ነው። ለስንት ዓመት የተመኘችውን ነገር ወንድሟ መቃብር ላይ የጨፈረችበት አድርጋ ቆጠረችው፣ ይህንንም ማንም ከልቧ ሊያወጣላት አልቻለም። በረዶው ሲቀልጥ እኔ ክፍል ውስጥ ትተኛ ነበር፤ «ምሳው ፍሪጅ ውስጥ ነው በይው ለአባትሽ» ትለኛለች፣ አባትየው በሩ ላይ ቆሞ እየሰማ። በበጋው ወደ ክፍላቸው ተመለሰች፣ አቦይ ሃብቶምም ቦቢሉን ሸጡት። መጦሪያው ውስጥ ያሉት ሽማግሌዎች «ፈረንሳይ እንዴት ነበረች?» ሲሏት «ዝናብ ነበር» ትላቸው ነበር አሉ። ቤታችን ውስጥ ያች አገር ዳግመኛ ስሟ አልተነሳም፤ አባባም ማሾፉን ተወ፣ እኔ ግን ከሁሉ በላይ የናፈቀኝ ያ ማሾፉ ነበር።

አሁን መርዶ የሚጠብቅ ሰው የለም። ሻማ የተለጠፈበት ፎቶ በስልክ ይመጣል፣ አውቶቡስ ውስጥ ቆመህ ታየዋለህ፣ ትወርዳለህ። ባለፈው ዓመት አባባ ታሞ ሆስፒታል በነበረበት ጊዜ ሐኪሟ ብሪን ቢሮዬ ደውላ «አባትሽ አሁን ረፋድ ላይ ዐርፏል፣ በጣም አዝናለሁ» አለችኝ። ደግ ሴት ነበረች፣ ግን አለቀ፣ ይኸው ነው። የምሳ ዕቃዬን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ፤ አንዱ የሥራ ባልደረባዬ ውሃ አመጣልኝ። ያን ጊዜ፣ ምነው አንድ ሰው ምንም ሳይነግረኝ ጉም ባለበት አገር ሲያዞረኝ በሰነበተ ብዬ ተመኘሁ።

እማዬ አጠገቡ አድራ ለማረፍ ወደ ቤት መመለሷ ነበር። እኔ ኦስሎ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ እውነትን ፊት ለፊት መናገር ነው የተማርኩት፣ መንገዱን ሁሉ የምናገረውን ሳዘጋጅ ነበር። በሩን ስከፍት ሶፋው ላይ ተቀምጣ ለእሱ የምትወስደውን ፒጃማ ታጥፋለች። «አባትሽ ነቃ?» አለችኝ።

«ደህና ነው» አልኩ። አፌ ነው ያለው። «እስቲ ካፖርትሽን ልበሺ እማዬ፣ ትንሽ በመኪና ዞር ዞር እንበል፣ ቀኑ ደስ ይላል።»

ፒጃማውን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ብዙ አየችኝ።

«ሃኒዬ» አለች፣ «እኔን እንዳታዞሪኝ። ንገሪኝ።»

አባባ ያን ሁሉ አገር ይዞት የዞረውን እኔ ከበሩ እስከ ሶፋው እንኳ ማድረስ አቃተኝ። ያኔ ሊይዟት የመጡት ሰዎች ደረጃውን ሞልተውት ነበር። አሁን ያለሁት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ነገርኳትና ያዝኳት።