ለኢዶ የነገርኳቸው የግርዶሽ ሰዓት

ጅግጅጋ በተመደብኩ በስድስተኛው ዓመት፣ በ2017 መስከረም፣ አከራዬ የጨረቃ ግርዶሹ ስንት ሰዓት እንደሚሆን ጠየቁኝ። ኢዶ ነው የምላቸው፤ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው። ልጃቸው በታህሪብ፣ በድብቁ የስደት መንገድ፣ ሊሻገር ከቤት ከወጣ ዘጠኝ ቀኑ ነበር። ከአይሻ አንዴ ደውሎ «ነገ ጅቡቲ ነኝ፣ ከዚያ ባሕሩን ነው» ካለ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። ጨረቃ መያዟ የአላህ ማስጠንቀቂያ ነው ስለሚባል፣ ያኔ የሚሰገድ ሶላት አለ። ኢዶ በዚያ ሶላት ለልጃቸው አላህን ሊለምኑ ቆርጠዋል።

እኔም የፊዚክስ መምህር አይደለሁ? ደረቴን ነፋሁ። ስልኬ ላይ ባየሁት የግሪንዊች ሰዓት ላይ ሦስት ጨምሬ «አምስት ሰዓት ከአርባ አራት» አልኳቸው። ጥላው ጫፏን ብቻ እንደሚነካት፣ የዚህ ግርዶሽ አቻ ከአሥራ ስምንት ዓመት በኋላ፣ ያውም ሌላ አገር ላይ እንደሚታይ ሁሉ ተነተንኩ።

«አሥራ ስምንት ዓመት! ተወኝ እባክህ መምህር፣ እኔ የዛሬዋን ነው የምፈልገው» አሉ።

ማታ ግቢው ውስጥ መስገጃቸውን አንጥፈው ጠበቁ፤ እኔም አብሬ ተቀመጥኩ። አምስት ከአርባ አራት ሆነ። ጨረቃዋ ምንም አልሆነችም። ስድስት ሰዓት አለፈ፣ አሁንም ምንም። እኔ በሀፍረት አንገቴን ደፋሁ፤ የኢዶ ፊት ግን በራ።

«አየህ? አላህ አልነካትም! ልጄ ደህና ነው ማለት ነው።»

በዘጠኝ ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ደህና አድርገው በልተው ተኙ።

ለእኔ እንቅልፍ ከየት ይምጣ! ስሕተቱ የገባኝ ሊነጋጋ ሲል ነው። ሦስት መጨመሬ ልክ ነው፤ የወጣው ግን የፈረንጅ ሰዓት ነው። በእኛ አቆጣጠር ሌሊት አሥራ አንድ ከአርባ አራት ይሆናል። ወይ ነዶ! እኔን ብሎ የፊዚክስ መምህር!

ዘልዬ ወጣሁ። ጨረቃዋ በምዕራብ ከአጥሩ በላይ ዝቅ ብላ፣ በቀኝ ጎኗ ከላይ እንደ ተገመጠ ዳቦ ጎድላ ነበር። ጥላ መሆኑን ለስንት ክፍል አስተምሬያለሁ፤ ያም ሆኖ ፈራሁ። ስለ ልጁ ነው የፈራሁት፣ ለምን እዋሻለሁ።

ኢዶ የሱብሂን፣ የንጋቱን ሶላት ጨርሰው በር ላይ ቆመዋል። በእሳቸው በኩል ጣሪያው ይጋርዳታል።

«መምህር፣ በጧት ምን ታያለህ?»

ልትጠልቅ ገና ሩብ ሰዓት ያህል ቀርቷት ነበር። ብነግራቸው ለሶላቱ ይደርሱ ነበር። ግን ያን የማታውን ፊታቸውን እንዴት አድርጌ ላጥፋው?

«ምንም ኢዶ፣ ውሻ ሲጮህ ሰምቼ ነው» አልኩ። ተመልሰው ገቡ። ጨረቃዋ እንደጎደለች ጠለቀች።

ልጁ እስከ ዛሬ አልደወለም። ጎረቤት ሊያጽናና ሲመጣ ኢዶ ይቆጣሉ። «ምን ሆኜ ነው የምጽናናው? መምህሩ ምስክሬ ነው፣ አብረን ነው ያየነው፤ ጨረቃዋ ሙሉ ነበረች» ይሉና ወደ እኔ ይዞራሉ።

እኔም «አዎ ኢዶ፣ ሙሉ ነበረች» እላለሁ።